ደኅና ሳላችሁ ተመርመሩ

(ለአንድ አጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የምናገኛት፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት፥ ሕመሟን ደብቃ በሕዝቡ መካከል ከኋላ እንደ መጣች እናውቃለን። ዛሬም በመካከላችን እንዲህ ያሉ እናቶች አሉ።

ባገለገልሁበት አጥቢያ አንዲት እናት ከፊት ወንበር ተነሥታ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች፤ በኋላም ፈጽማ ቀረች። ለካስ ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ሽታ አሳፍሯት ኖሯል። እኛ በእምነት ቀዝቅዛለች ብለን ጸለይንላት እንጂ፥ ምን ሆንሽ ብለን አልጠየቅናትም። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ የማኅፀን ጫፍ ካንሰር በሰውነቷ ተሠራጭቶ ነበር። ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ይገኛል። መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ ለባሏ የታመነችም ሚስት ሊይዛት ይችላል፤ ስለዚህ ማንም በታመመች እኅት ላይ ጣቱን አይቀስር። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ካልተወገደ ግን ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤች አይ ቪ ሳይታከም ሲቀር ጊዜው ያጥራል።

እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠን ጊዜ ይህ ነው። ምርመራው ቀላል ነው። ነርሷ የማኅፀኑን ጫፍ አቼቶ በሚመስል ፈሳሽ ቀብታ ትመለከታለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልግም።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች፥ ሳያማችሁ ሂዱ። ኤች አይ ቪ ያለባችሁ ከዚያም ቀደም ብላችሁ ተመርመሩ። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ያየች አንድ ቀን አትዘግይ። ለልጃገረዶችም መከላከያ ክትባቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣልና አስከትቡ።

ባሎች ሆይ፥ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ሰጥታችሁ አብራችሁ ሂዱ። የፕሮጀክት ሠራተኞች፥ በየቤቱ ስትገቡ ስለ እህሉና ስለ ውኃው ብቻ ሳይሆን ስለ እናቲቱም ጤና ጠይቁ። ሽማግሌዎች፥ የቀረችውን ፈልጉ።

ጌታ ያችን ሴት ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ አላሳፈራትም። እኛም እንጸልይ፤ ጸልየን ስንነሣ ግን እጇን ይዘን እስከ ጤና ጣቢያው እናድርሳት።