ሐራጅ መሪውና ገዢው አንድ ሲሆን



የመንግሥት ድርጅት ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር ዋናው ጥያቄ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ዋጋውን ማን ይተምናል፣ ሐራጁንስ ማን ይመራል የሚለውም ጭምር ነው። ለዚህም የሩሲያ ታሪክ ጉልህ ምስክር ነው።

በ1992 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ዜጋ የ10,000 ሩብል የድርሻ ወረቀት ይታደል ጀመር። የዋጋ ንረት ያስጨነቀው ብዙ ሰው ግን ወረቀቱን በርካሽ ሸጠ። በ1995 እ.ኤ.አ. በጀት የጎደለበት መንግሥት የታላላቅ ድርጅቶችን አክሲዮን አስይዞ ከባንኮች ተበደረ፤ ብድሩን ስላልከፈለም መያዣው በአበዳሪዎቹ እጅ ቀረ።

የኖሪልስክ ኒኬል 38 በመቶ ድርሻ በቀረበ ጊዜ ሐራጁን ያካሄደው ኦኔክሲም ባንክ ራሱ በ170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሸነፈ፤ 355 ሚሊዮን ያቀረበው ተወዳዳሪ በዋስትና ጉድለት ሰበብ ተሰረዘ። የሲብኔፍት ዘይት ኩባንያ 51 በመቶ ድርሻም በዚያው ዓመት በ100 ሚሊዮን ገደማ ተያዘ። በ2005 እ.ኤ.አ. መንግሥት የሚቆጣጠረው ጋዝፕሮም 73 በመቶ ያህሉን ለመግዛት 13 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ።

እንግዲህ የሒሳብ መርማሪ ተግባር ከሽያጭ በኋላ መዝገብ ማገላበጥ ብቻ አይደለም። ተማኝ፣ ሻጭና ገዢ የተለያዩ መሆናቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥም ነው። ይህ ካልተፈጸመ የሕዝብ ሀብት በሕግ ስም የጥቂቶች ርስት ይሆናል።