የቲሙ ማንን ይጠይቅ?



እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘ ዝግጅት መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር መሥርተውታል። በዚህ ዝግጅት ፀሐይ የተባለች አሻንጉሊት ቀጭኔ ሕፃናትን በታሪክና በዜማ አስተምራለች።

በፎንቆ ሀዲይኛ እየተናገረ ያደገ ሕፃን የአማርኛውን ዜማ በቃሉ ሊይዝ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሊያመልጠው ይችላል። ቴሌቪዥን ይናገራል እንጂ ለጥያቄ አይመልስም። ወላጅ ያለው ልጅ ወላጁን ይጠይቃል፤ የቲሙስ ማንን ይጠይቅ?

ስለዚህ ደብተርና ልብስ በመስጠት ብቻ ኃላፊነታችን የተፈጸመ አይምሰለን። ከአጠገቡ ተቀምጠን አብረነው እናዚም፤ ቃሉን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እናስረዳው፤ የሰማውንም ፊደል ጽፎ እንዲያሳየን እናድርግ። ይህ ገንዘብ ሳይሆን ጊዜያችንን የሚጠይቅ እርዳታ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።