ብረትን ከነፋስ ያስማሙ ባለእጅ

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ባለእጅ ለመናገር ነው። እኒህ ሰው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ቅርጻ ቅርጽ ያስተማራቸው መምህርም አልነበረም። ሆኖም የተወለዱበት ክፍለ ግዛት የእጃቸውን ሥራ በሕግ የሕዝባዊ ጥበቡ መለያ አድርጎ ተቀብሎታል። ታሪካቸውን የምናነሣው ለመደነቅ ብቻ አይደለም፤ እኛ ተማሪዎች «ዕውቀት» የምንለው ነገር ከወዴት እንደሚመነጭ ራሳችንን እንድንጠይቅ ስለሚያደርገን ነው።

ሚስተር ቮሊስ ሲምፕሰን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1919 በአሜሪካ አገር፣ በሰሜን ካሮላይና፣ ሉካማ በምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ አካባቢ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆነው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወዳለችው ወደ ሳይፓን ደሴት ተላኩ። በዚያም ከተጣለ የቢ 29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አካል የነፋስ መዘውር ሠርተው የልብስ ማጠቢያ መኪና አንቀሳቀሱበት። ከተማ ለማቃጠል የተሠራው ብረት የወታደር ሸሚዝ ለማጠብ ዋለ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው የመሣሪያ ጥገና ቤት ከፈቱ። ከዚህም ጋር የእንጨት ቤትን ሳያፈርሱ እንዳለ አንሥቶ በከባድ መኪና ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ሥራ ያዙ። ቤት የሚያዛውር ሰው ክብደት በየት በኩል እንደሚያጋድል፣ የቱ ምሰሶ እንደሚችልና የቱ እንደሚሰበር ካላወቀ የሰው ንብረት በእጁ ላይ ይፈርስበታል። እንግዲህ ሚስተር ሲምፕሰን ይህን ትምህርት ለዐሥርተ ዓመታት የተማሩት እንጀራቸውን ሲጋግሩበት ነው።

ዕድሜያቸው 65 ገደማ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ ጥላ ሥር በሚቀመጥበት ጊዜ፣ እሳቸው በጥገና ቤታቸው አጠገብ ባለው መስክ ላይ ነፋስ የሚያሽከረክራቸውን ታላላቅ የብረት ምስሎች መትከል ጀመሩ። ዕቃው ሁሉ ውዳቂ ነበር፤ የብስክሌት ጎማ፣ የአየር ማራገቢያ፣ አሮጌ ቧንቧ፣ የላሜራ ቁራጭ፣ የተነቀለ የመንገድ ምልክት። ከዚህም ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ ጋሪ የሚጎትቱ በቅሎዎች፣ እንጨት የሚሰነጥቁ ሠራተኞችና አውሮፕላኖች ወጡ። ከመንገድ ምልክቶቹ የተቈረጡት አንጸባራቂ ቁራጮች የመኪና መብራት ባረፈባቸው ቁጥር መስኩ በሌሊት እንደ ደመራ ማታ ይንቦገቦግ ነበር።

ይህን ሥራ ተራ ጨዋታ አድርጎ የሚመለከት ቢኖር ጥቂት ያስብ። ብዙ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ክብደቱ በቶን የሚቈጠር ብረት በለስላሳ ነፋስ እንዲዞር ለማድረግ ሚዛኑ በትክክል መጠበቅ አለበት፤ ኩሽኔታው ያለ ችግር መሽከርከር አለበት፤ ጅራቱም ፊቱን ወደ ነፋሱ ማዞር አለበት። አንዱ ክንፍ ከሌላው ጥቂት ከከበደ ነገሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኑም ይላላል። ስለዚህ የእኒህ ሰው ጥበብ ከሙያቸው የተለየ አልነበረም፤ ያው ሙያ ነው ከፍ ብሎ የታየው።

የሥራቸው ዝና ቀስ በቀስ ከመንደራቸው አልፎ ሄደ። በ1995 በባልቲሞር ከተማ፣ ራሳቸውን ያስተማሩ ጥበበኞችን ሥራ በሚያሳየው ሙዚየም ቅጥር ውስጥ፣ 17 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው መዘውራቸው ቆመ። በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክ ጨዋታ ጊዜም አራት ሥራዎቻቸው ለሕዝብ ታዩ።

ይሁን እንጂ ብረት ይዝጋል፤ ሰውም ያረጃል። በየጊዜው ግራሶ የሚቀባቸው እጅ ሲደክም ኩሽኔታዎቹ ያዙ፤ ቀለማቸውም ረገፈ። በዚህ ጊዜ በአቅራቢያው ያለችው የዊልሰን ከተማ፣ ቀድሞ በትምባሆ ገበያዋ የታወቀችውና ገበያው የቀዘቀዘባት፣ ሥራዎቹን ሰብስባ ለማደስ ተነሣች። ከ2010 ጀምሮም ምስሎቹ እየተፈቱ ተጠገኑ። ጥገናውም ከባድ ጥያቄ አስነሣ፤ ያረጀውን ቀለም እንዳለ እንጠብቅ ወይስ አዲስ እንቀባ? ምስሎቹን ከነፋስና ከዝናብ አርቆ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ዕድሜያቸውን ባረዘመ ነበር፤ ነገር ግን የማይዞር መዘውር ምን ይባላል? ስለዚህ ታድሰውና ተቀብተው እንደገና ከነፋሱ ጋር እንዲገናኙ ተወሰነ። ሚስተር ሲምፕሰን በ2013 በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። የሰሜን ካሮላይና ምክር ቤትም በዚያው ዓመት መዘውሮቹን የክፍለ ግዛቱ ሕዝባዊ ጥበብ አድርጎ በሕግ ደነገገ። ሠላሳ ምስሎች የቆሙበት መናፈሻም በ2017 በስማቸው ተከፈተ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩት ወገኖቻችን ቁራሌው የሰበሰበውን በርሜልና ላሜራ ቀጥቅጠው ማንደጃና ባልዲ ያደርጉታል። በዚያ የምናልፈው ጆሯችንን ይዘን ነው። ከዚህም የከፋ ነገር በታሪካችን አለ፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» እያሉ መሸሽና ማራቅ የቆየ በደላችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ ምላስን ይከለክል ይሆናል፤ ንቀትን ግን ከልብ የሚነቅለው ዕውቀት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ዳቦ ለቸገረው አገር የሚሽከረከር አሻንጉሊት ምን ይረባዋል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ የሳይፓኑ ማጠቢያና የሉካማው ምስል የአንድ እጅ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ለመሥራት የተፈለገው ብልሃት ያው ሁለተኛውን የወለደው ነው። ባለእጁን የሚንቅ አገር ሁለቱንም ያጣል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከመካከላችን የምሕንድስና፣ የፊዚክስ ወይም የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚከታተል ሁሉ ከመመረቁ በፊት ወደ አንድ ቀጥቃጭ ወይም በያጅ ዘንድ ሄዶ ጥቂት ቀን ይቀመጥ። ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅ ይሂድ፤ ላሜራው የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚሰነጠቅ፣ ለምንስ እንደሆነ ይጠይቅ። የሰማውንም ጽፎ ለዚህ ጋዜጣችን ያምጣ። በመጽሐፍ ያገኘነውና በመዶሻ የተገኘው ዕውቀት የሚተዋወቁት እንዲህ ሲሆን ነው።