በዝግታ መሳብና በድንገት መምታት



ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ የምለምናችሁ ስለ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ብረት ብርቱ ነው ስንል ኀይሉ በምን ያኽል ፍጥነት ሲመጣበት ነው? የሚለው ነው። ጥያቄው የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤት የሚሠራ ሰው መልሱን ካላወቀ ዕዳውን የሚከፍሉት በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው።

አስቀድመን ዝፍትን እንመልከት። በመዶሻ ሲመቱት እንደ ጠርሙስ ይሰባበራል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. ቶማስ ፓርኔል የተባሉ ፕሮፌሰር በአውስትራልያ በኲንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጫፉ በጠበበ የመስታወት ዕቃ ያኖሩት ዝፍት፣ እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ዘጠኝ ጠብታ ጥሏል። ለቸኳይ ድንጋይ፣ ለታጋሽ ፈሳሽ ነው ማለት ነው።

ብረትም፣ ይህን ያኽል ባይሆን፣ ይኸው ጠባይ አለው። በፈተና መኪና ላይ አንድ ሜትር ዘንግ አንድ ሚሊሜትር እንዲለጠጥ አሥር ሴኮንድ ያኽል ይሰጠዋል። ብርቱ ፍንዳታ ግን ያንኑ መለጠጥ በመቶ ሺህኛ ሴኮንድ ሊያደርሰው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆን ሆፕኪንሰን የብረት ሽቦ አንጠልጥሎ፣ በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ክብደት ወርዶ የታችኛውን ጫፍ እንዲመታ አደረገ። ሽቦውን የሚበጥሰው በተለይ የክብደቱ ትልቅነት ሳይሆን የወደቀበት ከፍታ፣ ማለት ፍጥነቱ፣ ሆኖ ተገኘ። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ በአንዳንዱ ምት ሽቦው ከተመታበት ርቆ ከላይ ከታሰረበት አጠገብ መበጠሱ ነው። ምቱ በብረት ውስጥ በሴኮንድ 5000 ሜትር ያኽል የሚሮጥ ሞገድ ነውና፣ ከታሰረው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ውጥረቱ እጥፍ ይሆናል።

ልጁ በርትራም እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. ሥራውን ቀጥሎ፣ ሽቦ በዝግታ ቢጫንበት ለዘለቄታው የሚለጥጠውን ውጥረት ለሺህኛ ሴኮንድ ያኽል ያለ ጉዳት እንደሚችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1914 ዓ.ም. ደግሞ የፍንዳታን ግፊት በረዥም የብረት ዘንግ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. ኸርበርት ኮልስኪ ዘንጉን ለሁለት ከፍሎ የሚፈተነውን ቁራጭ በመካከል አኖረ፤ ዛሬም በየላቦራቶሪው የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብረት ቅርጹን የሚለውጠው የአተሞቹ ረድፍ በረድፍ ላይ ሲንሸራተት ነው፤ ለዚህም የሙቀት መንቀጥቀጥ ያግዘዋል። እገዛው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ሲጠፋ ተጨማሪ ኀይል ያሻል። በአርማታ ዘንድ ደግሞ በዝግታ የሚሄድ ስንጥቅ ጠጠሩን እየዞረ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ በጥድፊያ የሚሄደው ግን ጠጠሩን ራሱን ሰንጥቆ ያልፋል።

እንግዲህ ፍጥነት ቤትን የሚያጠነክር ከሆነ ለምን እንፈራለን? የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ለስላሳው የግንባታ ብረት በብርቱ ፍጥነት ሲጫን መለጠጥ የሚጀምርበት ኀይል እጥፍ እስከ መሆን ይደርሳል። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ግንበኞች ቢም የሚሉት አግዳሚ በዝግታ ሲጫን መካከሉ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም ይታያል፣ ሰውም ይሸሻል። በድንገት ሲመታ ግን መካከሉ አልጎብጥም ብሎ ኀይሉን ወደ ጫፎቹ ያሳልፋል፤ ያን ጊዜ አግዳሚው በተደገፈበት አጠገብ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቈረጥ ይችላል። ስለዚህ ፍንዳታን የሚያስብ መሐንዲስ የመካከሉን ፌሮ ማብዛት ብቻ አይበቃውም፤ በጫፎቹ ላይ ስታፋውን አቀራርቦ ያስራል።