ዓመቱን ከልብ ወለድ ጋር



ከቁጠባው ስብሰባ በኋላ ልብ ወለድ ማንበብ ከጀመርን ዓመት ሞላን። መጽሐፎቹን የገዛነው ከቡና መዋጮአችን ነው፤ ከእርዳታው ሒሳብ አንድ ሳንቲም አልነካንም። (ይህን ሳንናገር ብናልፍ እንቅልፍ አይወስደንም።)

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ባሳተሙት ልብ ወለድ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትጓዝ ስቀናል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ግን ሳቁ ቀረ። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር እየመዘኑ ሲመልሱ ወረድንባቸው። ያን ጊዜ አንዲት እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኔስ ለልጄ የመጡትን ሽማግሌዎች ‹ዘሩ ማን ነው?› ብዬ አልመለስኩም?» አሉ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ዝም አልን። እንዲህ ያደረግን ሌሎችም ነበርን።

በሚቀጥለው ወር ልጃቸውን ይዘው መጡ። አሁን ፊደል ላልቆጠሩት እህቶቻችን ጮክ ብላ የምታነበው እርስዋ ናት።