ያልጨረሰ ሁሉ ወድቋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰርኪዩትና ኤሌክትሮኒክስ በኢንተርኔት ነፃ ኮርስ ከፈተ። ወደ 155 ሺህ ሰው ተመዘገበ፤ ምስክር ወረቀት ያገኙት 7 ሺህ ያህል ናቸው። ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። በመደበኛ ክፍል ከመቶ ተማሪ 95ቱ ቢወድቅ መምህሩን ምን እንለው ነበር?

ነገር ግን የሚያሳስተው ስሌቱ ራሱ ነው። መደበኛ ተማሪ ከፍሎ፣ ልመረቅ ብሎ ይገባል። በኢንተርኔት የሚመዘገበው ግን አንዱ ለማየት፣ ሌላው ለሥራው የጎደለችውን አንዲት ምዕራፍ ፍለጋ ነው። ምዕራፏን ተምሮ የወጣን ሰው «አቋረጠ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአውሮፓውያኑ 2008 መምህራኑ ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሰጡት ኮርስ ይህን ልዩነት በደንብ ያሳያል። ከፍለው የተማሩት 25 ያህል ሲሆኑ በነፃ የተከታተሉት ከ2 ሺህ በላይ ነበሩ። ከፋዮቹ ሥራቸው ታርሞ ውጤት አገኙ። የሌሎቹ መማር ግን የሚታየው በጻፉት፣ ለሌላው ተማሪ በሰጡት መልስ፣ እርስ በርስ በፈጠሩት ትስስር ነው። ይህን መመዘን አድካሚ ነው። ብዙ የጻፈ ሁሉ ብዙ አልተማረም፤ ዝም ብሎ ያነበበው ሊበልጠው ይችላል።

በኢንተርኔት የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን «ምን ፈልገህ መጣህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጨረሻ ላይም በመለሰላችሁ መዝኑት።