አዲሱ ኮከብና ሁለተኛው ምስክር

 

ውድ አድማጮቻችን፣ እኛ ጀልዴሳዎች ለሰማይ እንግዳ አይደለንም። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሳይደርስ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዘው የግመል ሲራራ አንዱ ማረፊያው ይህችው መንደራችን ነበረች። ሐሩሩን ሸሽቶ በሌሊት የሚጓዝ ሰው ደግሞ ኮከብ ሳያውቅ አይሆንለትም። ዛሬም የሻዕባን መጨረሻ ሲደርስ ከመግሪብ በኋላ ወደ ምዕራብ እናንጋጥጣለን። አንዱ «አየሁ» ቢል ማንነቱን፣ በየት በኩል እንዳየ፣ የጨረቃዋ ቀንድ ወዴት እንደዞረ እንጠይቀዋለን። በሻፊዒይ መዝሀባችን ለረመዷን መግቢያ አንድ ታማኝ ምስክር ይበቃል፤ ለሸዋል ግን ሁለት ያስፈልጋል።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሱፐርኖቫ ነው። ነገሩ ከዚሁ ከምስክርነት አይርቅም።

ሱፐርኖቫ አዲስ ኮከብ ይምሰል እንጂ አዲስ አይደለም፤ በዕድሜው መጨረሻ የሚፈነዳ ኮከብ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ብቻውን የቢሊዮን ኮከቦችን ያህል ሊያበራ ይችላል። በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁ የታየው በ396 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1006 ነው። የባግዳድ ታሪክ ጸሐፊዎች በሻዕባን ወር መግቢያ ሌሊት ከኢራቅ ቂብላ በስተግራ እንደታየ መዝግበዋል። ቦታውን በቂብላ መለካታቸው እኛን በጣም ደስ ይለናል። የካይሮው ሐኪም ዐሊይ ኢብኑ ሪድዋን ያኔ ገና ወጣት ተማሪ ነበሩ። ግዝፈቱን ከዙህራ ኮከብ፣ ብርሃኑን ከጨረቃ ጋር አስተያይተው ጻፉ፤ ፀሐይና ሌሎቹ ተንቀሳቃሽ ኮከቦች በዚያ ሌሊት የት የት እንደነበሩም ጨመሩበት። ባሕር ተሻግሮ ባለው በጎረቤታችን የመንም ተመዝግቧል። በእኛም ሰማይ በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ መታየቱ አይቀርም፤ ከዚህ አካባቢ ግን የጻፈ ሰው አላገኘንም።

ከራሳችን ጋላክሲ ውጭ ሱፐርኖቫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 በአንድሮሜዳ ነው። ይህቺን ጋላክሲ አብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ በጻፉት የኮከቦች መጽሐፍ ውስጥ እንደ ትንሽ ደመና አድርገው ገልጸዋታል። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ፍንዳታው «ታየ» እንጂ በዚያ ዓመት «ሆነ» አይባልም።

ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ አዲስ ነጥብ ለማየት መጀመሪያ አሮጌውን ማወቅ ግድ ነው። ሮበርት ኢቫንስ የተባሉ አውስትራሊያዊ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፈዋል። ልክ ሐፊዝ ቁርኣንን በቃሉ እንደሚይዝ እሳቸው የብዙ መቶ ጋላክሲዎችን መልክ በቃላቸው ይዘው፣ በግል ቴሌስኮፕ በዓይናቸው ብቻ ከ40 በላይ ሱፐርኖቫዎች አገኙ። ዛሬ ይህን ሥራ በአብዛኛው ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ የዛሬውን ፎቶ ከቀድሞው ጋር ያስተያይና በዓመት በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይለቅማል።

ነገር ግን ነጥብ ታየ ማለት ሱፐርኖቫ ተገኘ ማለት አይደለም። በመሐል የሚያልፍ አስትሮይድ፣ ወይም የእኛው ጋላክሲ ተለዋዋጭ ኮከብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግኝቱ መጀመሪያ የሚመዘገበው «ኤቲ» በሚል ጊዜያዊ ምልክት ነው። ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና በቀለም ተበትኖ፣ ማለትም ስፔክትረሙ ታይቶ ሲረጋገጥ ነው «ኤስኤን» የሚባለው። ስፔክትረሙ እንግዲህ ሁለተኛው ምስክር ነው። የሃይድሮጂን ምልክት ካለበት «ሁለተኛ ዓይነት» ይባላል፤ ይህም ከፀሐይ ስምንት እጥፍ ገደማና ከዚያ በላይ የሚከብድ ኮከብ እምብርቱ ሲደረመስ የሚሆን ነው። ሃይድሮጂን ከሌለበትና የሲሊከን ምልክት ጎልቶ ከታየ «አንደኛ ሀ» ነው፤ ይህ ደግሞ ነዳጁን የጨረሰ፣ ነጭ ድንክ የሚባል ኮከብ ፍንዳታ ነው።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ? «አንደኛ ሀ» የሚባሉት ድምቀታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ኃይሉ እንደሚታወቅ ፋኖስ ርቀት ይለካባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች በእነሱ ለክተው የዩኒቨርሱ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን አስታወቁ፤ ሥራው በ2011 የኖቤል ሽልማት አሰጠ። ዓይነቱን የሳተ ሰው ርቀቱንም ይስታል።

በአገራችንም እንጦጦ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው ማዕከል ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስለ ኮከብ ሲጠይቅ «ይህ የዲን ነገር አይደለም» ብላችሁ አታሳፍሩት። «ይህን ሁሉ ቁርኣን ቀድሞ ነግሮናል» ብለን በየጊዜው ለሚለወጥ የሳይንስ አሳብ አያ መለጠፉም አያምርብንም። እኛም በወጣትነታችን ሚንበር ላይ ይህን ስህተት ሠርተናል።

ኢብኑ ሪድዋን ራሳቸው ኮከቡን የጦርነትና የረሀብ ምልክት አድርገው ተርጉመውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጋረድ፣ ሰዎች ሁለቱን ሲያያይዙ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ልደት እንደማትጋረድ አስተምረዋል። ትርጓሜያቸውን ትተን ምስክርነታቸውን ወሰድን። እሳቸውና ሌሎች የዘመኑ ሰዎች ቦታውን በጥንቃቄ ስለጻፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ተመራማሪዎች በራዲዮ ቴሌስኮፕ የዚያን ፍንዳታ ቅሪት በደቡብ ሰማይ ለይተው አወቁት። ዛሬ «አንደኛ ሀ» ከሚባሉት ይመደባል።